የታችኛው መንገድ ቆጠራ

«አፈሩ ሳይደርቅ!» አለ አጎቷ ለሦስተኛ ጊዜ። «የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ሱቅ ልትከፍቺ!»

«ክረምት ነው ጋሼ። ሁለት ወር ቢቆይም አይደርቅም።»

«ስሚያት! አንደበቷን ስሚያት እንጂ!» ብሎ ወደ እናቷ ዞረ። እናቷ ከምድጃው አጠገብ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብርጭቆ ትወለውላለች። ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ አንድ ብርጭቆ ነበር የምትወለውለው። ቀና አላለችም።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲጣላበት ሦስተኛው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። በሩን ደግሞ የወንዙ እርጥበት ስላሳበጠው መግጠም ከተወ ቆይቷል። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ የተደረደሩት ለቀስተኞች እያንዳንዷን ቃል ይሰማሉ። አለመስማታቸውን ለማሳየትም ሁሉም ባንድ ጊዜ ሻያቸውን ፉት ማለት ጀምረዋል።

«ነገ ማዘጋጃ ቤት ሊቆጥረን ነው» አለች ልጅቷ ድምጿን ሳትቀንስ። «ነገ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ደብዳቤው ሱቁ መዝጊያ ላይ ተለጥፏል፤ ሲገቡ አላዩትም? ከሃያ ሰባቱ ሱቅ አሥራ አራቱ ክፍት ሆኖ ባለቤቱ ወይ ወራሹ ሥራ ላይ ካልተገኘ፣ ይህ መንገድ ከንግድ መንገዶች ዝርዝር ይሰረዛል። ከተሰረዘ ፈቃድ የሚያድስልን የለም። ከዚያ የላይኛው ገበያ የጭነት መኪናውን እዚህ ያቆምበታል። አባቴ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ጎማ ይቆማል፣ ገባዎት?»

«ሰባት ቀን የመንገዱ ሕግ ነው። ሕጉን ያወጣው ማን ሆነና ነው? አባትሽ!»

እውነቱን ነዋ።

መንገዱ በሙሉ ሞረድ ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነበር፤ ገና በአሥር ዓመቷ አንድ ነገር ይዛ መፈግፈግ ከጀመረች እስኪያልቅ የማትለቅ ስለነበረች «ይቺ ልጅ ሞረድ ናት» አለ፤ በዚያው ጸናባት። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሱቁ በላይ ባለው በዚሁ ቤት ተወልዳ፣ ከቤቱ በታች ባለው በዚያው ሱቅ ሥራ ተምራ፣ ከአባቷ ጎን ቆማ ቁልፍ ስትቀርጽ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው።

ሕጉ የወጣበትን ቀን ታስታውሰዋለች። ጃንጥላ ጠጋኙ ሽማግሌ ሞቶ አስከሬኑን ተከትለው የወጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና የቀረው ሁሉ ይሸጣል። አባቷ ከቀብር ሲመለስ ጫማው ጭቃ እንደነካው፣ መዝጊያ ማውረጃውን ዘንግ ይዞ ከመንገዱ ራስ እስከ ወንዙ ድረስ ሄደ። በየሱቁ ደጃፍ ቆሞ ምንም ሳይናገር ዘንጉን ለባለቤቱ ያቀብላል። እምቢ ያለ አልነበረም። ሃያ ሰባቱም የቆርቆሮ መዝጊያ ወረደ፤ ሰባት ቀን ሙሉም አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ በታችኛው መንገድ ባለሱቅ ሲሞት ሌላው ሱቅ አይከፍትም። ይህ በየትም ቦታ አልተጻፈም፤ ግን ሲጣስ ያየ የለም።

ዛሬ አራተኛው ቀን ነው።

ሻይ ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች። ልብስ ሰፊዋ አሮጊት ከመስኮቱ ሥር፣ ሰፈሩ ምላጭ የሚለው ፀጉር አስተካካይ ከጎኗ ተቀምጠዋል። ሌሎቹም የመንገዱ ሰዎች ናቸው። መስታወት ቆራጩ አለ፣ ባለዳቦ ቤቱ አለ፣ ሁሉም አሉ። ሱቃቸውን ዘግተው አራት ቀን ሙሉ እዚሁ ነበሩ።

«ሰምታችኋል» አለች ትሪውን እንደያዘች። «እንዳልሰማችሁ አትሁኑ። ነገ ማን ይከፍታል?»

ሁሉም ብርጭቆው ውስጥ አየ።

«እኔ በአባትሽ ለቅሶ መዝጊያ አላነሣም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከማነሣ እጄ ይቆረጥ! ባሌ የሞተ ጊዜ አባትሽ ሰባት ቀን ሙሉ ደጄ ላይ ነው የተቀመጠው። ምን ዓይን አለኝ?»

«የሚቀጥለው ወር ፈቃድሽን ማን ያድስልሻል፣ እትዬ?»

«ሳይታደስ ይቅር።»

«ሳይታደስ ይቅር አለች!» አለ ምላጭ ለራሱ፣ አገጩን እያከከ። «ሦስት ወር የቆየ ቀሚስ የሚጠብቁ ሴቶች ይህን ቢሰሙ እንዴት ደስ ይላቸው!»

ጥቂቶች ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። አጎቷ ከወጥ ቤት ብቅ ሲል ሳሉም ሳቁም ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ምላጭ ደረጃው ላይ ጠበቃት። ቀጭን፣ ጎንበስ ያለ፣ ሁልጊዜ ኮሎኝ ኮሎኝ የሚሸት ሰው ነው። ሊወጣ የተነሣ መስሏት መንገድ ልትለቅለት ስትል ክንዷን ያዛት።

«ሞረድ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አባትሽ ይስማኝ አይስማኝ አላውቅምና ዝቅ አድርጌ ልናገር።»

«ይንገሩኝ ጋሽ ምላጭ።»

«የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የመጀመሪያው ቆጠራ ጊዜ። አንቺ ትርፍ አንጀትሽን ተቀድደሽ የተኛሽበት ሳምንት።»

«ያልመጡበት ጊዜ ነዋ። ቢሮ ቁጭ ብለው ‹ዝግ› ብለው የጻፉብን።»

«መጥተው ነበር።»

ሞረድ ክንዷን ከእጁ አላቀቀች።

«መጥተዋል። ሦስት ሆነው፣ ወረቀታቸውን ይዘው። አባትሽ ቀድሞ ሰምቷል። ‹በግ ነን እንዴ የምንቆጠረው?› አለ። ‹አርባ ዓመት እዚህ ቆሜያለሁ፤ መኖሬን ለማወቅ ጣት የሚቀስርብኝ ማን ነው?› ብሎ መዝጊያውን አወረደ። ታውቂው የለ? እሱ ሲያወርድ ሁላችንም አወረድን። ደስ ብሎን ነበር፤ ለምን ልዋሽሽ! ወንዙ ዳር ተደርድረን ተቀመጥን፣ ሰዎቹ ባዶውን መንገድ እየጻፉ ሲወርዱ እያየን ስንስቅ ዋልን። ሳቃችን ያበቃው ደብዳቤው ሲመጣ ነው።»

ሞረድ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አምስት ደብዳቤ ጽፋለች። አምስቱንም ለማዘጋጃ ቤቱ፣ አምስቱንም በገዛ እጇ። «ሠራተኞቻችሁ መንገዳችንን በእግራቸው ሳይረግጡ» ብላ የጀመረችውን ሦስተኛውን ለአባቷ ጮክ ብላ ስታነብለት፣ ብረት የሚያሥርበት ሞርሳ ላይ እንዳጎነበሰ እስከ መጨረሻው አዳምጦ «ጥሩ ነው። ትንሽ አምርሪው» ነበር ያላት። አምርራም ነበር የላከችው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሱ ሊነግርሽ ነበር። በየሳምንቱ ‹ዛሬ እነግራታለሁ› ይለኝና በሚቀጥለው ሳምንት ፂሙን ሊላጭ ሲመጣ ‹ነገርካት?› ስለው ዓይኑን ይጨፍናል። አረፋው ዓይኔ ገባ ይላል። አፈረ፣ ልጄ። አንቺን ነው ያፈረው።»

በአራቱ ቀን ውስጥ አላለቀሰችም። ሴቶቹ ይህን አይተው እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች። አሁንም እንባ አልመጣላትም። የመጣላት ንዴት ነው፤ ንጹሕ፣ እንደ ትኩስ ብረት የሚያቃጥል ንዴት። ሲያቃጥላት ደግሞ አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግጥ የሞተ መሰላት። በሕይወት ቢኖር አሁኑኑ ወርዳ ትጮህበት ነበርና።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ አባርቷል። ሞረድ ገና በማለዳ ሱቁን በኋላ በር ገብታ ከግድግዳው ላይ አንድ ሳንቃ አውርዳ ወደ ወጥ ቤት ወጣች። ሳንቃው ላይ ሃያ ሰባት ምስማር ተመትቷል፤ በየምስማሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የትኛውም ላይ ስም የለም።

ይህ የጎርፉ ዓመት ትዝታ ነው። ወንዙ ሞልቶ ውኃው በየሱቁ ጉልበት ድረስ የገባ ጊዜ ግማሹ ሰው ቁልፉ ጠፍቶበት፣ ዕቃው እውስጥ ሲርስ እያየ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። አባቷ መሣሪያውን ጭኖ፣ ከዓሣ አጥማጅ የተዋሳትን ጀልባ በዘንግ እየገፋ በየደጃፉ እየዞረ ከፈተ። ሁለት ቀን አልተኛም። ውኃው ሲጎድል የመንገዱ ሰው ተሰብስቦ እያንዳንዱ አንዳንድ ትርፍ ቁልፍ እሱ ዘንድ እንዲያስቀምጥ ተስማማ። የትኛው ምስማር የማን እንደሆነ የሚያውቁት እሱና ልጁ ብቻ ነበሩ።

አጎቷ ሳንቃውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። ሰባት ልጆች ያሳደገ፣ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ፣ ሲቆጣም ተማሪ ፊት እንደቆመ የሚያፈጥጥ ሰው ነው።

«የሰው ሱቅ? የሰው ሱቅ ልትከፍቺ? ይህማ ስርቆት ነው!»

«እነሱ መክፈት አይችሉም። እኔ እችላለሁ።»

«በምን ሥልጣን?»

«ለቅሶው የኔ ነዋ!»

«የኔም ነው!» አለ አጎቷ፤ ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። ተሰብሮ ስለሰማው ደግሞ የባሰ ተቆጣ። «አንቺ ነገ ከዚህ መንገድ ሰው ጋር ተጣልተሽ፣ ታርቀሽ ትኖሪያለሽ። ለሱ የቀረው ሰባት ቀን ነው። እሱንም ከዚያ ላይ ቆርሰሽ ለማዘጋጃ ቤት!»

«አባቴ ይህን መንገድ በኩራቱ አንድ ጊዜ ዘግቶታል» አለች ሞረድ። «ሞቶ ደግሞ ሁለተኛ አይዘጋውም። አልፈቅድለትም።»

ሁለቱም ወደ እናትየዋ ዞሩ። እናትየዋ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ባሏ ከሞተ ወዲህ «እንኳን መጣችሁ» እና «እግዜር ይስጥልኝ» ከማለት ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም ነበር።

«ሌላ የሚዘጋ ነገር ሞልቶልናል» አለች ለባሏ ወንድም፣ በዝግታ። «አልጋው አለ። ልብሱ ያለበት ቁም ሣጥን አለ። እነሱን ዝጋ ብትለኝ እዘጋለሁ። መንገዱን ተውልኝ።»

ከዚያ ብርጭቆውን መልሳ አነሣች።

ሞረድ መጀመሪያ የራሷን ሱቅ መዝጊያ አነሣች። አምስት ቀን ወርዶ የከረመ ቆርቆሮ ነውና እያንቋረረ፣ እየጮኸ ወጣ፤ ድምፁ ከወንዙ ማዶ ተመልሶ ተሰማ። ላይ፣ ሳሎኑ መስኮት ላይ ራሶች ተደረደሩ። እሷ ቀና ብላ አላየችም። ሳንቃውን በብብቷ ይዛ፣ በጥቁር ልብሷ፣ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሄደች። ከላይ ሦስተኛው ምስማር፤ መስታወት ቆራጩ። ከፈተች። አራተኛው፤ ምላጭ። ከፈተች። ቀጣዩ የልብስ ሰፊዋ ነው። ቁልፉን አስገብታ ስታዞር ከኋላዋ የጫማ ኳኳታ ሰማች፤ የአንድ እግር ጫማ ብቻ።

«አንቺ ባለጌ! የኔን ሱቅ!» አሮጊቷ ሌላኛውን ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች። ትምታት አትምታት ገና አልወሰነችም። «አላነሣም አላልኩም?»

«አላነሡትም እትዬ። ቃልዎን ጠብቀዋል። ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቱም የኔ ነው። እርስዎ ግን ሱቅዎ ክፍት ሆኖ አገኙት፤ ክፍት ሱቅ ጥሎ መሄድ ደግሞ አይሆንም፤ ዕቃ ይሰረቃል።»

ልብስ ሰፊዋ ቆመች። ሱቋን አየች፤ ሞረድን አየች፤ በእጇ ያለውን ጫማ አየች። ጎንበስ ብላ ጫማውን አጠለቀችው።

«ታዲያ መብራቱን ለምን አላበራሽም?» አለች። «በጨለማ ቆጠራ አለ?»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ከደረጃው ወረዱ፤ በጥቁር ልብሳቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እንደ ተቀጡ ልጆች። መዝጊያውን ራሱ ያነሣ ግን አልነበረም። እያንዳንዱ ደጃፉ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ደርሳ ስታነሣለት ይገባል። ባለዳቦ ቤቱ እሷ ገና ሁለት ሱቅ ሲቀራት «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሦስት ሰዓት እኮ ሆነ!» ብሎ ጮኸባት። ሦስት ባለሱቆች ሳይወርዱ ቀሩ። አንዱ ታሞ ነው። የጃንጥላ ጠጋኙን ሱቅ አልነካችውም፤ ባለቤት የለውም፤ የሐሰት አንድ መጨመር አልፈለገችም።

ቆጣሪዋ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰች። ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት፣ ጃኬቷ ብብቷ ሥር የተተረተረ ወጣት ሴት ናት። ደረቷ ላይ ወረቀት የተያያዘበት ሰሌዳ ታቅፋለች። ከመንገዱ ራስ ጀምራ እየጻፈች ወረደች። ባዶ ይጠብቁ የነበሩ ዓይኖቿ በጥቁር የለበሱ ሰዎች በየመደርደሪያው ጀርባ ተገትረው ሲያዩአት ግራ ተጋቡ። ምላጭ የሚላጭ ሰው አጥቶ መስታወት ቆራጩን ወንበር ላይ አስቀምጦ አገጩን በአረፋ ቀብቶት ነበር።

«እሱ ደግሞ ባለሱቅ አይደለም?» አለች ቆጣሪዋ።

«አሁን ደንበኛ ነው» አለ ምላጭ። «ሲጨርስ ባለሱቅ ይሆናል። መጀመሪያ እኔን ይጻፉ፣ ቀስ ብለው ይሂዱ፤ ይደርስብዎታል።»

ቁልፍ ቀራጩ ሱቅ ስትደርስ ሞረድ ማሽኑ ላይ ነበረች።

«ባለቤቱ?»

«እሑድ ቀበርነው።»

ብዕሩ ቆመ። «ወራሽ?»

«እኔ።»

«ሥራ ላይ ነዎት?»

ሞረድ ያልተቀረጸ ቁልፍ ከመሳቢያ አንሥታ ማሽኑ ላይ አሠረች። ከጎኑ የራሷን የቤት ቁልፍ አሠረች። ማሽኑ ሲጮህ ቆጣሪዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የናሱ ብናኝ ጥቁሩ እጅጌ ላይ ወርቅ መስሎ ተበተነ። ስትጨርስ ቁልፉን በሞረድ አለስልሳ ሰሌዳው ላይ አኖረችላት።

«ሐዘን ላይ መሆናችሁን ብትጽፉልን እኮ ቀኑን እንለውጠው ነበር» አለች ቆጣሪዋ፣ ቁልፉን እያየች።

«አምስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ማን መለሰልኝ?»

«እርስዎ ነዎት?» ቆጣሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ በደንብ አየቻት። «አንብቤያቸዋለሁ። ቢሮ ውስጥ ሁላችንም አንብበናቸዋል። መራራ ናቸው።»

«ውሸትም አለባቸው» አለች ሞረድ። «ሰዎቻችሁ መጥተው ነበር። ያኔ የዘጋነው እኛ ነን። አሁን ግን ክፍት ነን። እሱን ይጻፉ።»

ቆጣሪዋ ጻፈች። ከዚያ ደረጃው በር ላይ የቆመውን ሽማግሌ አየችና ሰሌዳዋን ወደሱ አዞረች። «እርስዎስ? የዚህ ሱቅ ነዎት?»

አጎትየው ኮቱን ለብሶ፣ እስከ አንገቱ ቆልፎት ነበር የቆመው።

«አይደለሁም» አለ። «ወንድሙ ነኝ።» ልትሄድ ስትል ጨመረ፤ ለማያውቃት ሴት፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ጀልባው ዘገየብኝ። ስደርስ ለለቅሶው ወንበር እየደረደሩ ነበር።»

ቆጣሪዋ ምን እንደምትጽፍ አጥታ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቀጣዩ ሱቅ አለፈች። ሞረድ ማሽኑን አጥፍታ ዞር ስትል አጎቷ ደረጃውን መውጣት ጀምሯል።

ሃያ ሦስት። ቆጣሪዋ ወንዙ ዳር ቆማ ሁለት ጊዜ ደምራ ሃያ ሦስት ብላ ፈረመች። «ውሳኔው የኔ አይደለም፤ የኔ ሥራ መቁጠር ነው» ብትልም፣ ባለዳቦ ቤቱ ቁጥሩን ከመንገዱ ሥር እስከ መንገዱ ራስ እየጮኸ ይዞት ወጣ።

ቀትር ላይ ሳሎኑ እንደገና ሞላ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ያልረሳ አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ግን የለም። ሱቆቹ ከታች ክፍት ናቸው። ደንበኛ ሲጣራ አንዱ ብርጭቆውን አስቀምጦ ይወርዳል፣ ጨርሶ ይመለሳል። መስታወት ቆራጩ ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ ግማሹን ይዞ ነው የመጣው፤ ምላጭ ቆጣሪዋ ስታልፍ ትቶት ሄዷል። ልብስ ሰፊዋ የቆጣሪዋን ጃኬት ነገር አንሥታ አትጠግብም።

«ብብቷ ሥር ተተርትሮ! ማዘጋጃ ቤት እንዲህ አድርጎ ይልካታል! ነይ ልስፋልሽ ብላት ‹ጉቦ ነው› አለችኝ። ጉቦ! ሁለት መርፌ ክር!»

ሳቁ ግድግዳውን ነቀነቀው። እናትየዋ እንኳ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ሞረድ ትሪውን ይዛ ከሰው ሰው ታልፋለች። የአባቷን ጎርፍ፣ የአባቷን ጀልባ፣ የአባቷን «በግ ነን እንዴ?» አንዱ ከአንዱ አፍ እየነጠቀ ሲያወራ ትሰማለች። አሁን ማንም አይንሾካሾክም።

ከወለሉ ሥር፣ ከሱቁ፣ የቆርቆሮ መዝጊያ ሲወርድ ተሰማ።

ባንዴ አልነበረም የወረደው። እስከ ግማሽ መጥቶ ቆመ፤ እንደገና ጥቂት ወረደ፤ ቆመ፤ ከዚያ በሁለት እጅ መሬት ላይ እንደሚያስቀምጡት ዕቃ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ወረደ። አርባ ዓመት ሙሉ በየምሽቱ የሰሙት ድምፅ ነውና ሳሎኑ ውስጥ ራሱን ያነሣ የለም። ምላጭ ወሬውን አላቋረጠም።

ሞረድ ወደ ጥጉ አየች። የአጎቷ ወንበር ባዶ ነው። ከወንበሩ ሥር ያስቀመጠው የጉዞ ቦርሳም የለም። ወንበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያልተነካ ሻዩ ይጨሳል።

መዝጊያው እንዳልተቆለፈ ታውቃለች፤ ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። ልታነሣው ግን አልወረደችም፤ ለወንድሙ የዘጋው ነው። ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ ሳህኑን ገልብጣ ከደነችውና ትሪውን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።